መደቡ ሳይስተካከል

ሪያድ ውስጥ፣ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር አዳራሽ ቆሜ፣ አንድ አባት የመኪና ቁልፉን ሲያንቃጭል ሰማሁና ልጅነቴ መጣ።

እዚሁ ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር ያለው ግቢያችን ነው። የበዓል ጠዋት ብርድ። የአባዬ ጓደኞች ቅርጫ ይካፈላሉ፤ ትኩሱ ሥጋ ላስቲክ ላይ መደብ በመደብ ሆኖ ቀስ እያለ ይተናል። እጄ ውስጥ ዕጣቸው ይሞቃል፦ ቁልፍ፣ ቀለበት፣ የእስክሪብቶ ክዳን። የቱ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለዚህ ነው ልጅ የሚጥለው።

«ያላ፣ ጣይ የኔ ልጅ!» አሉኝ ሥጋውን የመደቡት ጋሽ ታደሰ።

«ይሄኛው ጉበት የለውም» አልኩ።

«ለደረሰው ይድረሰዋ!» ብሎ አባዬ ሳቀ።

ጋሽ ታደሰ ግን ቢላዋቸውን አነሱ። «ዕጣ ዕውር ነው፤ እኛ ግን እናያለን» ብለው ከትልቁ መደብ ጉበት ቆርጠው ጨመሩበት። ዕጣ ካለ ምን አስጨነቃቸው? አልገባኝም ነበር።

«እማ፣ ይሄ ዕጣ ፍትሕ የለውም!» ልጄ እጄን ጎትታ ወደ አዳራሹ መለሰችኝ። በዕጣ አጋር ሆነው የደረሷት ልጆች ሮቦት ባትሪው ሞቶ ተገትሯል፤ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ቦርሳዋን ከፍቼ ያላትን አንድ ትርፍ ባትሪ መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

«ሂጂ፣ ጨምሪላቸው።»

እንዳልገባት ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ግን ሄደች።