አርባ አንደኛው ስም

ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ነበር። የነቢያት ጾም ገብቷል። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የታጠቁ ሰዎች ከሚኒባሱ ያወረዱኝ በዚያ በርበሬ አጠገብ ነው። ቦርሳዬን ከፍተው የሞላሁትን አርባ መጠይቅ አገኙ። አንደኛው አንዱን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ፤ በቤትዎ ስንት ሰው ያድራል፣ ባለፉት ሠላሳ ቀናት ከቤተሰብዎ ውጭ ስንት ሰው ገብቶ በላ፣ ከጎረቤትዎ ማንን ያምናሉ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ይኸውልህ» አለ። ሌላ የተባለ ነገር የለም። በርበሬው እያስነጠሰኝ አብሬያቸው ሄድኩ።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ማዳበሪያው ወጥቷል፤ ሽታው አልወጣም። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። መሬቱ ላይ ባዶ ከረጢት ተነጥፎ፣ ከረጢቱ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ከእናቴ ጋር እኩል ቢሆን ነው። ቡሬ ጠላ ይሸጣሉ። እቤታቸው የማይሆን ሰው ይጠጣል ብሎ አንድ ጎረቤት ስማቸውን ሰጥቶባቸዋል። ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ክርስትና ያነሡለት ልጅ አለው።

እኔን ምን አድርገሽ ነው ብለው ጠየቁኝ። እየዞርኩ የሰው ኑሮ እጠይቅ ነበር አልኳቸው። ምን ምኑን አሉ። ሁሉንም አልኩ። ዶሮም ትቆጥሪያለሽ አሉ። አዎ አልኩ።

«የሰው ዶሮ ስትቆጥሪ እግዜር አንቺን ቆጠረሽ» አሉና ቦታ ለቀቁልኝ።

እኔ መምህር ነኝ። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን አልተከፈተም። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። መረጃ ሰብሳቢ ይፈለጋል ሲባል የተመዘገብኩት ለዚህ ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ነው ተባልን። የጥናቱ ኃላፊ በሥልጠናው ዕለት፣ ዛሬ ማኅበራዊ ሳይንስ የማይገባበት የኑሮ ጓዳ የለም፤ እንቅልፍም ይጠናል፣ ሐዘንም ይጠናል፣ ጸሎትም ይጠናል አሉን። ለማሳመር የተናገሩት መስሎኝ ነበር። መጠይቁ ሲሰጠኝ መቶ አርባ ሁለት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ዶሮዋ የባል ናት የሚስት፣ እንቁላሉን ገበያ የሚያወጣው ማነው፣ ውኃ ቀድቶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኙ፣ ቢጣሉ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ ወይስ ሽማግሌ ዘንድ፣ ደስታዎ ከአሥር ስንት ነው። አጨዳ የደረሰበትን ገበሬ ሁለት ሰዓት ተኩል አስቀምጬ ይህን ሁሉ እጠይቃለሁ። ማጭዱ ጉልበቱ ላይ ነው። ስንት ጊዜ እንዳፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

መርማሪው ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። ወጣት ነው። አይቆጣም፣ አይጮህም፤ «አንቺ» ይለኛል እንጅ ክፉ ቃል አልወጣውም። አርባውን መጠይቅ ጠረጴዛው ላይ ከምሮታል። ብዙውን እንዳነበበ ከዓይኑ ያስታውቃል።

«ይሄ የጤና ጥናት ነው?»

«ጤናም አለበት።»

«የግብርና ነው?»

«ግብርናም አለበት።»

«ሃይማኖትስ?»

«እሱም አለ፤ ከጥያቄ ዘጠና አንድ ጀምሮ።»

ወረቀቱን ገፋ አደረገው። ዶሮንና ፍርድ ቤትን ምን አገናኛቸው አለኝ። እኔም በሥልጠናው ዕለት ይህንኑ ጠይቄ ሁሉም ይገናኛል እንደተባልኩ ነገርኩት። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እሱም ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ለመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ በትን ተብሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠው ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ራሳቸው እንደሞሉት ነገረኝ።

«አንቺም እንደዚያ አድርገሽ ቢሆን ዛሬ ሁለታችንም ቤታችን ነበርን» አለ።

እውነቱን ነው።

ከዚያ የስም ዝርዝሩን አወጣ። እሱ ለብቻው አንድ ገጽ ነው፤ ከአንድ እስከ አርባ። ገጹን ወደ እኔ አዞረው። ገብረ ሚካኤል። ወለተ ማርያም። ወልደ ጊዮርጊስ። ወለተ ማርያም። ኃይለ መስቀል። ወለተ ማርያም። በቀበሌው መዝገብ ቢፈለግ እንዲህ የሚባል አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ምሥጢራዊ ስም ሰጥተሻቸዋል አለኝ።

የሰጠኋቸው እኔ አይደለሁም። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ። የፈቃድ ጽሑፉን አነበብኩላቸው፤ ስምዎ በምሥጢር ይያዛል ይላል። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩና፣ ስሜን ከጻፍሽማ የክርስትናዬን ጻፊ፣ ያንኛውን ስም ቢሮ ያውቀዋል፣ ይሄኛውን የነፍስ አባቴና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት አሉኝ። በጸሎትሽም አስቢኝ አሉ። ጻፍኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ በየቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ የገባሁበት ቤት ሁሉ የክርስትና ስሙን ሰጠኝ። የጥናቱ ኃላፊ ስለ ዝርዝሩ በሰሙ ጊዜ፣ ይህ መረጃ ነው ወይስ ለቄስ የሚሰጥ የጸሎት ስም ብለው በስልክ ተቆጥተውኛል። እንዳስተካክል አዘውኝ ነበር። እኔም ሳምንቱን ሳላስተካክል ቀረሁ።

መርማሪው ጣቱን አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ አኖረ።

«ወለተ ሥላሴ። አሥራ ሁለት ሰው አብልታለች። ማን ናት?»

ማኅበር ነው አልኩት። በየወሩ በሚካኤል ይጠጣሉ፤ በዚያ ወር ተራው የሷ ነበር። መጠይቁን ገልጦ አሳየኝ። ማኅበር የሚል የለበትም፤ አሥራ ሁለት ነው የሚለው። ለቁጥሩ ሳጥን አለ፤ ለሚካኤል ማኅበር ሳጥን የለም። መቶ አርባ ሁለት ጥያቄ ያወጡ ሰዎች ይህ አልታያቸውም። በዚያች ሰዓት ከያዙኝ ሰዎች ይልቅ በመጠይቁ ተናደድኩ።

ገጹን ገለጠ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ልጆች፤ ሁለት። አሁን ያሉበት ቦታ፤ አይታወቅም።

ያንን ስጽፍ ትዝ ይለኛል። ሴትዮዋ በሩን አየች። «ይህንንስ ባትጽፊው» አለችኝ። ማንም አያየውም ብዬ ጻፍኩት።

ማኅበር ከሆነ ትምጣና ራሷ ትንገረን አለ መርማሪው። ከመጣች እንደማትመለስ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ገጹንና ስክሪብቶ ሰጠኝ። በየክርስትናው ስም ትይዩ ዓለማዊ ስሙን ከነመንደሩ ሞልቼ ጠዋት ካመጣሁ ያኔውኑ እንደምለቀቅ ነገረኝ። ልጆችሽ ይጠብቁሻል አለኝ። ይህን ያለው በደግነት ነው። የከበደኝም ለዚያ ነው።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ፀሐይ በመስኮቷ ገብታ ከረጢቱ ላይ አርፋለች። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የመጣልንን ዳቦ ለሁለት ቆርሰን ጾማችንን ፈታን። ገጹን ጉልበቴ ላይ አኖርኩ። አርባውንም ቤት አውቀዋለሁ። በሩ በየት እንደሚዞር፣ ውሻው እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ። ልጆቼም በር በሩን እንደሚያዩ አውቃለሁ። ታናሿ ያንጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

እኒያ ሴት ምን እንደተሰጠኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እስቲ ያንን ጥያቄሽን ለእኔም ጠይቂኝ፣ እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል አሉ። ቀኑ አልገፋ ብሏቸው ነው። እኔም በቃሌ ይዤዋለሁና ጀመርኩ። ዶሮ ስንት አለዎት አልኩ። ዶሮዬን እንዳትነኪ አሉ። አለፍኩት። ትናንት ስንት ሰዓት ተኙ አልኩ። ይህች ቁንጫ ባለችበት ቤት ይህን መጠየቅሽ ነውር ነው አሉኝ። አለፍኩት።

«ደስታዎ ከአሥር ስንት ነው?»

«አሁን?»

«ባለፈው ሳምንት፤ በአማካይ።»

«ሰኞ ጠላዬ ፈላ። ማክሰኞ ልጄ ደወለ። ረቡዕ እዚህ አመጡኝ። አማካዩን የላከሽ ሰው ያውጣው።»

ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው። ሳቁ ሳያልቅልኝ ወደ ቀጣዩ ሄድኩ፤ «በጥቅሉ ሲያዩት፣ ሰው ይታመናል ወይስ መጠንቀቅ ይሻላል?»

ሳቃቸውን ተዉት። ጉልበቴ ላይ ያለውን ገጽ አዩ።

«እሱን፣ በወረቀቱ የምታደርጊውን አይቼ ጠዋት እመልስልሻለሁ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላስቀድም። በጠቅላላው አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። አልተመታሁም። ልጆቼን ጎረቤት አበላቸው፣ አስተኛቸው። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ውጪ ተባልኩ፤ ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። በወጣሁ በሦስተኛው ቀን የጥናቱ ኃላፊ ደወሉ። እንኳን እግዚአብሔር አወጣሽ አሉ፤ አስከትለው መረጃው ተርፎ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተረፈም አልኩ። በጣም አዘኑ።

ጥናቱ አሁን ታትሟል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ አሳየኝ። ብዙ ገጽ ነው። እንቅልፍም፣ ሐዘንም፣ ዶሮም አለበት፤ ስለ መተማመን ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ስፋቱን አልክድም። የእኔ አርባ ቤቶች በጸጥታ ችግር ሳይካተቱ ቀሩ ተብሎ በአንድ መስመር ታልፈዋል። እኒያ ጠላ ሻጭም የሉበትም፤ የከተማ ነዋሪ ስለሆኑ መጀመሪያውንም ከናሙናው ውጭ ናቸው። ወለተ ሥላሴ ዛሬም ቤቷ ናት። ገበያ አገኛታለሁ፤ ሰላም እንባባላለን። ስለዚያ ቀን ነግሬያት አላውቅም።

አሁንም መጠይቅ የያዙ ልጆች አልፎ አልፎ ቤቴን ያንኳኳሉ። አስገብቼ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ውኃ እሰጣቸዋለሁ፣ እስከ መጨረሻው እመልስላቸዋለሁ። ስም ሲሉኝ የክርስትናዬን ነው የምሰጣቸው።

ያንን ገጽ በተቀበልኩ በማግሥቱ ጠዋት በመስኮቷ ብርሃን ሲገባ ተነሣሁ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ። ጸሎቴን ሳደርስ ገጹን ከፍ አድርጌ አርባውን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። የሰጡኝ ለዚያ ነው። ሲያልቅ ተቀመጥኩና ከአርባ በታች አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። የክርስትና ስሜን አኖርኩ። በትይዩው ዓለማዊ ስሜን፣ ከዚያ መንደሬን፣ የቤቴን አቅጣጫ ሳይቀር ጻፍኩ። የሌሎቹን ትይዩ እንዳለ ተውኩት።

መርማሪው ገጹን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አርባ አንድ ሆኑ?»

«አዎ። የምናገረው የአንዷን ነው።»

ስክሪብቶውን ተቀበለኝ።

«እንግዲያው ይቆያሉ» አለ። ከያዙኝ ጀምሮ «እርስዎ» ስባል ያ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። እኒያ ሴት ከረጢቱ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ጻፍሽላቸው ወይ አሉኝ። የራሴን ጻፍኩ አልኩ። ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ያችን ጥያቄ፣ ይታመናል በይልኝ።»

«ስክሪብቶውን ወስደውታል» አልኳቸው።

«ካልተጻፈ ይሻላል። አትርሺው እንጅ።»

ከረጢቱን አራግፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።