እሺ ያለችኝ ልጅ

ከዚያ ክፉ ድርቅ ማግሥት፣ አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ መካነ ሰላም ውስጥ የቀበሌያችን የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ነበርኩ። ሹመቴን እወደው ነበር፤ አልዋሽም። ቀበሌው ልጅቷን ሲያመጣት ታዲያ ከማንም ቀድሜ "እኔ ቤት ትቀመጥ" አልኩ። የወግዲ ገበሬ ልጅ ናት። በረሃቡ ወላጆቿን ቀብራ ስትንከራተት፣ አንዲት ሴት "ሥራ አስገባሻለሁ" ብላ ደሴ ወሰደቻትና መጠጥ ቤቷ ውስጥ ለወንዶች ሸጠቻት። መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ የሚቀበላት ዘመድ ግን አልተገኘም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ከአፏ የምሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ብይ ስላት እሺ። ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቢ ስላት እሺ። አንድ ቀን ወጡ ጨው በዝቶበት "ይጣፍጣል አይደል?" ብላት፣ "እሺ" አለችኝ። ተናደድኩ።

"እምቢ ማለትም እኮ አለ! ያልፈለግሽውን እምቢ በይ። እዚህ ማንም አይቆጣሽም።"

"እሺ" አለች።

ቀስ በቀስ ግን ቀለል አላት። የጎረቤቶቼ ሴት ልጆች ምንጭ ሲወርዱ ደጄ ላይ ቆመው ይጠሯት ጀመር። እንስራዋን አዝላ ስትወጣ አንዳንዴ ሳቋ ከአጥሩ ማዶ ይሰማኝ ነበር። የደሴውን ነገር ከእኔና ከቀበሌው ሊቀ መንበር በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። በስብሰባው ላይ የሴቶችን ጭቆና የሚመሰክር ሰው ሲፈለግ፣ "እኔ ዘንድ አለች" ያልኩት እኔው ነኝ። ቤት ገብቼ ጠየቅኳት።

"የደረሰብሽን ብትናገሪ ለሌሎቹ ትምህርት ይሆናል። ትናገሪያለሽ?"

የምትፈትለውን ጥጥ አስቀምጣ መሬት መሬቱን አየች።

"እሺ፣ እትዬ።"

ያችን እሺ እንደ ፈቃድ ወሰድኳት።

በቀበሌው ሕዝብ ፊት ተናገረች። ድምጿ አልሰማ ሲል "ጮክ በይ" ያልኳትም እኔ ነኝ። ተጨበጨበ፤ መፈክር ተባለ። በማግሥቱ ልጆቹ ደጄን ዝም ብለው አልፈው ወረዱ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። የአንደኛዋን ልጅ እናት ሄጄ ለመንኩ።

"አብሽሪ እቴ፣ ለክፋት አይደለም" አለችኝ። "የእኔም ልጅ ነገ ባል ታገባለች።"

አንድ ሳምንት ሙሉ ልጅቷ እንስራዋን ይዛ ብቻዋን ወረደች፣ ብቻዋን ወጣች። በሳምንቱ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ አገኘኋት። ከላላ ከተማ ሄዳ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው፤ እዚያ የሚያውቃት የለም። በሩ ላይ ቆምኩባት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። አትሂጂ።"

"ደሴ እያለሁ የሚያውቁኝ መጠጥ ቤቱ የገቡት ብቻ ነበሩ፣ እትዬ።"

ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክንዷን ይዤ አለቀስኩ።

"በእመቤቴ ልጄ፣ ቅሪልኝ።"

"እምቢ" አለች።

ስንት ወር ሙሉ ያስተማርኳትን ቃል ነው ያለችኝ። ክንዷን ለቅቄ ከበሩ ዞር አልኩላት።