እናቱ ፈቅዳለች

ጅቡቲ ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ጫቱ የደረሰው ይቅማል፣ ያልደረሰው ማራገቢያ ሥር ይጋደማል። እናቴ ግን በዚያ ሰዓት አትተኛም ነበር። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ምንጣፏን ዘርግታ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የወንድሜን ድምፅ ትሰማለች።

ታናሽ ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከወደብ ኮንቴይነር ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል፣ ከዚያ ቡና ጭኖ ይመለሳል። መንገድ ላይ በቆመ ቁጥር ለእናቴ ድምፁን ቀድቶ ይልክላታል፤ እሷ ማንበብ አትችልም። የሚለው ነገር ሁሌም ያው ነው። ምሳ በላሁ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ጎማ ቀየርኩ፣ አይዞሽ እማዬ። እሷ ግን ያንኑ ደጋግማ እየሰማች እንደ አዲስ ትስቅ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን በባቡር ሥራ የጨረሰ፣ የፈረንሳይኛ ዜና ካልሰማ ምሳ የማይወርድለት ሰው ነው። አንድ ቀን ዜናው፣ መንግሥታት የስልክ መልእክት ኩባንያዎችን «የቆለፋችሁትን ክፈቱልን» እያሉ እንደሆነ አወራ። ወንድሜ ከጉዞ ተመልሶ እየበላ ነበር፤ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። በቅርቡ ኬላ ላይ የጓደኛውን ስልክ ከፍተው፣ ሰው በላከለት መልእክት ምክንያት አስረውት ነበር።

«የእናትህን የሽንኩርት ዋጋ ወሬ ለመስማት መንግሥት ቁልፍ ምን ይሠራለታል?» አለው አባቴ። «በራችን ላይ ቢቆም ይበቃዋል።»

እኔና እናቴ ሳቅን። ወንድሜ አልሳቀም። እጁን ታጥቦ የሁላችንንም ስልክ ሰበሰበና፣ መልእክቱ ሁሉ ከተላከ በአንድ ቀን ውስጥ በራሱ እንዲጠፋ አደረገው። ማንም ቢከፍተው ባዶ ነው የሚያገኘው አለን። ፍርሃቱ ሞኝነት ነው ልለው አልቻልኩም። እኔም ወደብ አጠገብ ቢሮ ስሠራ ስልኬን ገልብጬ ነው የማስቀምጠው።

እናቴ ነገሩ የገባት በማግስቱ፣ የትናንቱን ድምፅ ፈልጋ ስታጣው ነው። አኮረፈች። ከዚያ ግን መላ አገኘች፤ መልእክቱ ከመጥፋቱ በፊት በቃሏ ትይዘው ጀመር። ማታ ራት ላይ፣ ሳሉን ሳይቀር፣ አንድም ሳታስቀር ትነግረናለች። አባቴ «ካሴቷ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ፍልሰታ ደረሰ። እናቴ በፍልሰታ ሱባኤ ትገባለች። ስልኳን አጥፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበትና ቁልፉን ለአባቴ ትሰጣለች። ከዚያ ወዲያ መንገዷ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ነው። በዚያ በነሐሴ ወበቅ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ትውላለች። ወንድሜም ይህን ስለሚያውቅ በእነዚያ ሳምንታት የሚደውለው ለእኔ ብቻ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ያ ሲፈራው የኖረው ኬላ በነገሩ ውስጥ የለበትም። ፍሬን እምቢ ብሎት ነው አሉን። መርዶውን የዕድር ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው አረዷት፤ አስከሬኑም መጥቶ እዚሁ ቀበርነው።

ሐዘን ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ በሌላ መኪና ከኋላው ይነዳ የነበረ ሌላ ጓደኛው መጣ። ሊያጽናናት ፈልጎ ነው እንጂ ክፉ አላሰበም።

«እማማ፣ ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት እኮ ረጅም ቮይስ ልኮልዎታል» አላት። «ሻይ ቤት ጥግ ይዞ ብዙ አወራ። አሁን አትሰማውም፣ ለበዓሉ ስልኳን ስትከፍት ታገኘዋለች ብሎኝ ነበር።»

እናቴ ከፍራሹ ተነሣች። አባቴ ቁልፉን ሰጣት። ስልኩን አውጥታ አበራችው። ምንም አልነበረም። ልጁ ለእናቱ ያስቀመጠላትን ድምፅ፣ እሱ ራሱ ያዘዘው ነገር አጥፍቶባታል፤ በአንድ ቀን እንደሚጠፋ ረስቶት ነው። እሷ ግን ስልኩን እንደ ልማዷ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔ በቀብሩ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ወራት አለፉ። እናቴ የድሮዎቹን መልእክቶች አሁንም በቃሏ ትላቸዋለች፤ አንዳንዱን ግን ከአንዱ ጋር ትቀላቅለዋለች። አባቴም ካሴት ማለቱን ትቷል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ያው ዜና ተመልሶ መጣ።

«አሁንም ክፈቱልን እያሉ ነው» አለ አባቴ፣ እንደ ልማዱ ሲተረጉምልን።

እናቴ የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀመጠች። «የጠፋውንም ያወጡታል?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ፣ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች።

«አንቺ ፈረንሳይኛ ትችያለሽ፤ ክፈቱልን ከሚሉት ሰዎች ቢሮ ውሰጂኝ» አለችኝ። «ሁሉንም ይስሙት፤ እኔ ምን የምደብቀው አለኝ? ከሰሙ በኋላ ግን ለእኔም ያሰሙኝ። እናቱ ፈቅዳለች በያቸው።»

የሚከፈት ነገር እንደሌለ ልነግራት ነበር። አባቴን አየሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ጫማዬን አደረግኩና እጇን ይዤ ወጣሁ። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ከተማው ተኝቷል፣ ቢሮ ሁሉ ተዘግቷል። ይህንን እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ሄድን።