የባሻ ክሌፕ ግትርነት

ሻምበል ባሻ አርቱር ክሌፕ ግትር ነበር፤ ግትር ስላችሁ፣ በቅሎም ብትሆን ከእሱ ጋር ተከራክራ አትረታውም! በጀርመን ጦር ዘንድ ባሻነት የሹመት ሥራ ነው እንጂ ማዕረግ አይደለም። የተሾመው ሰው በሁለቱ እጅጌዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ብርማ ጥብጣብ ያዞራል፤ ደረቱ ላይ፣ በቁልፎቹ መሃል፣ ወፍራም ደብተር ይሸጉጣል። ወታደሮቹ «የሻምበሏ እናት» ይሉታል። እናት ደግሞ ትቆጣለች፣ ትራገማለች፤ ልጇን ግን አሳልፋ አትሰጥም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጨረሻ ሚያዝያ፣ ሻምበሏ ወደ ኤልብ ወንዝ ስታፈገፍግ፣ ወጥ ቤቱ ብሩኖ ቲምከ ማንንም ሳያስፈቅድ ሄደ። እዚያው አቅራቢያ ባለች ከተማ ቤቱ በቦምብ ፈርሶ ሚስቱ ከፍርስራሹ ሥር መቅረቷን ሰምቶ ነው።

«ይሄ ደደብ! ቢጠይቀኝ ወረቀት እጽፍለት አልነበር?» አለ ክሌፕ፣ ንዴቱ አናቱ ላይ ወጥቶ። በዚያ ሰሞን ከሃዲ የተባለ ወታደር ሳይውል ሳያድር ዛፍ ላይ ይሰቀል ነበር።

በነጋታው ጠዋት ስም ሲጠራ፣ በየመንደሩ እየዞረ በከሃዲ ላይ ከሚፈርደው የጦር ችሎት አንድ የመቶ አለቃ በመኪና ደረሰ።

«ስንት ሰው ጎደለ?»

«ማንም አልጎደለም፣ ጌታዬ።»

«ወጥ ቤቱስ?» አለ የመቶ አለቃው፣ እሳት ያልነደደበትን ምድጃ አይቶ።

«ድንች እንዲያመጣ ልኬዋለሁ።»

«በጽሑፍ ያዘዝከው አለ?»

ክሌፕ ደብተሩን መዘዘ፤ እርሳሱን በምላሱ አረጠበ፤ ተረጋግቶ ጻፈ። «አሁን አለ» አለ።

የመቶ አለቃው ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ጥብጣቡን ቅደዱለት! ካሁን ጀምሮ ባሻ አይደለህም!»

«ይኸው!» አለ ክሌፕ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «ጨርቅ ነው፣ ውሰደው። የሰው አንገት ግን ከእኔ አታገኝም!»

የመቶ አለቃው ጥብጣቡን አስቀድዶ፣ ደብተሩን ቀምቶ፣ ለሃምሳ አለቃ ጉስታፍ ሩምፍ ሰጠው። ሩምፍ ከክሌፕ ጋር ከተኳረፈ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለዚያ ሹመት ሲቋምጥ የኖረ ሰው! ክሌፕ ይህን ሲያይ፣ «አለቀለት ብሩኖ!» አለ በልቡ።

«ባሻው አንተ ነህ» አለ የመቶ አለቃው። «ወጥ ቤቱ ከድቷል ብለህ ጻፍና ፈርም።»

ሩምፍ ደብተሩን አየ፤ ክሌፕን አየ። «እንዴት ብዬ፣ ጌታዬ? ሲልከው አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ።»

የመቶ አለቃው ቀጥሎ ወደቆመው ሃምሳ አለቃ ዞረ። ሰውዬው እስኪጠየቅ አልጠበቀም፤ «እኔም ነበርኩ! ሁለት ጆንያ ነው ያለው።»

«ሦስት ነው እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ።

የመቶ አለቃው እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። ሳቁ ቀጥ አለ። ዘጠና ሰው፣ ዘጠና ጠመንጃ ይዞ፣ ትክ ብሎ ያየዋል። እጁን ከሽጉጡ አነሳና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

አቧራው ሳይበርድ ሩምፍ ወደ ክሌፕ ጠጋ አለ። «ታረቅን እንዳይመስልህ። አሁንም አልወድህም።»

«እኔስ መች ወደድኩህ!» አለ ክሌፕ፣ በሩምፍ እጅ ያለውን የባሻ ጥብጣብ እየጠቆመ። «ይልቅ ሰዉ ቁርስ አልበላም፤ ወጥ ቤትም የለንም። እናትየው፣ እሳቱን አንድጂ እንጂ!»