አውድማው ላይ የወረደው ነፋስ

ዛሬ ላሊበላ ልናርፍ ስንል አውሮፕላኑ ክፉኛ ተናጠ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት የቅዱሳኑን ስም እየጠሩ ጮኹ። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

ምህንድስና የምትማረው ልጄ እጄን ያዘችኝ። «አባዬ፣ አይዞህ። አየር ይጨመቃል፣ ይለጠጣል። ሲናወጥ ውስጡ ሽክርክሪት ይፈጠርና ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ ቀላል ከባድ አይልም።»

(አይዞህ የምትለኝ ዓይኗን ጨፍና ነው።)

ይህን ሽክርክሪት አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ፣ ላሊበላ አጠገብ ባለችው ብልባላ፣ ከአባቴ ጋር ጤፍ በመንሽ እያዘራን ነበር። የተራራው ነፋስ እብቁን ወስዶ ፍሬውን ይተውልናል።

ድንገት የጦር ሄሊኮፕተር አጠገባችን ሊያርፍ ወረደ። ቁልቁል የገፋው አየር መሬቱን መትቶ ተጠቀለለና እብቁንም ፍሬውንም አቧራውንም ባንድ አንስቶ ገደል ከተተው።

በእኛ አገር ምርቱ ጎተራ እስኪገባ ድረስ አውድማ ላይ ጮክ ተብሎ አይወራም፤ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ስለዚህ አልጮህንም። አንድ ወታደር ከሄሊኮፕተሩ ወርዶ መንገድ ሲጠይቀው እንኳ አባቴ በእጁ ነው ያሳየው።

በዚያ ዓመት ጎተራ የገባ ምርት አልነበረም። አባቴም እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ዛሬ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ልጄ «አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

በመስኮቱ፣ በብልባላ በኩል ያለውን ተራራ በእጄ አሳየኋት።

እናንተ ቤትስ፣ ያኔ መጮህ ሲገባው ዝም ያለው ማን ነበር?