አባቴን ወጣት ያደረግሁበት ወረቀት

ከመንደሬ የወጣሁ ለት፣ ገና ወገግ ሳይል፣ አባቴ ሻንጣዬን በበቅሎ ጭነው እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ። ከማክሰኝት በላይ ያለውን ዳገት የወጣችሁት ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ አባቴ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ በቦርሳዬ የያዝሁት የመታወቂያቸው ቅጂ ግን ሃምሳ ሁለት ይላል። ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ተናድጄ ነው፤ ከሁሉ በፊት በራሴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መታወቂያ ሲታደስ በአገሩ ወሬ ተነዛ፤ ያረጀ ሰው ማረስ አይችልም ተብሎ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል አሉ። ማን እንዳለው ማንም አያውቅም። ሽማግሌው ሁሉ ጺሙን እየተላጨ ዕድሜውን ቀነሰ። ጸሐፊው "ስንት ዓመትዎ ነው?" ሲላቸው አባቴ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። "ሃምሳ ሁለት" አልሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። ስንወጣ አባቴ "ባንድ ቀን አሥራ ሰባት ዓመት አወረድሽልኝ" ብለው ሳቁ። እኔም ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

ቤይሩት ሦስት ዓመት የሰው ቤት አገለገልሁ፤ ከዚያ ጣሊያን ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁትም ባታውቁት ይሻላል። ጎንደር ፒያሳ ስንል፣ ማኪና ስንል ስላደግን ቋንቋው ግማሹን የማውቀው መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የሽንብራ ሾርባ ቀረበልኝ፤ ሽሮ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፣ ብቀምሰው በርበሬ የሚባል አልነካውም። ብርዱ ከደጋችን አይብስም፤ ግን ረፋድ ላይ ወጥቶ ይቅር የሚያሰኝ ፀሐይ የለውም።

ሥራዬ "ባዳንቴ" ይባላል፤ ያረጀ ሰው እየጦረ የሚከፈለው ማለት ነው። እኛ አገር ለዚህ ሥራ የተለየ ስም የለም፣ ልጅ ነው የሚባለው። የምጦራቸው ሲኞራ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ሐኪም እቤታቸው ድረስ ይመጣል፣ እግራቸውን የምታሽ ሴት ለብቻዋ አለች። ሕንጻው ከላይ እስከ ታች ሽማግሌና አሮጊት ነው። ደረጃው ላይ ወጣት ካየሁ ወይ ፖስታ አምጪ ነው ወይ እንደ እኔ ስደተኛ ነው። የእኛ መንደርም እንዲሁ ሆኗል ለካ፤ ልዩነቱ እነዚህ እኛን መቅጠራቸው ነው።

ዓምና አዲስ አበባ ታክሲ የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝ። አባታችን የጎረቤት መቃብር ሲቆፍሩ ውለው ታመው ተኝተዋል አለኝ። በመንደራችን ዕድር ሰው ሲሞት ከየቤቱ አንድ ወንድ ለቁፋሮ ይወጣል፤ ነጻ የሚሆነው ሰባ ዓመት ያለፈው ነው። አባቴ ሰባ ስምንት ናቸው። በወረቀት ግን ስልሳ አንድ።

ለዕድሩ ዳኛ ለአያ መኮነን ደወልሁ።

"አያ መኮነን፣ አባቴን አያውቋቸውም? እኩያዎ አይደሉም?"

"ምነው አላውቅ! አብረን ነው ጥጃ የጠበቅነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ደንቡ በመታወቂያ ነው ልጄ። ሁሉም አርጅቻለሁ እያለ ሲቀርብን ወረቀት ይፍረድ አልን።"

"እኔ ብር ልላክና ሰው ይቀጠር።"

"ብሩስ ይመጣል፤ ሰው ተየት ይመጣል? ያንቺ ወንድም አዲስ አበባ፣ የኔዎቹ መተማ፣ የሌላውን ልጅ እግዜር ይወቅ። አካፋ የሚይዝ አሥራ አንድ ሰው ነው የቀረነ። አባትሽን ባሰናብት ነገ ሌላው ይመጣል። ሬሳው ሜዳ ይደር?"

ስልኩን ዘግቼ ተሳደብሁ፤ ማንን እንደሰደብሁ እኔም አላውቀው።

እንግዲያው እዚህ አመጣቸዋለሁ ብዬ ወረቀቴን ይዤ እዚሁ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄድሁ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አነበበ።

"አገር ቤት የቀረ ወንድም አለሽ። ሌላ ልጅ ካላቸው ደግሞ አባትሽ የሚመጡት ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ከሆኑ ነው።"

"ናቸው። ወረቀቱ ተሳስቶ ነው።"

"ማን ነው የተሳሳተው?"

"እኔ።"

በእርሳስ ደመረ፣ ቀነሰ። "አንቺን የወለዱሽ በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው።"

"እሺ።"

"ወንድምሽን በአሥር።"

"አባቴ ጎበዝ ነበሩ።"

አልሳቀም። "የሚቀጥለው!" ብሎ ተጣራ።

ዕድሜውን ለማስተካከል ባለመታወቂያው ራሱ ምስክር ይዞ ቀበሌ መቅረብ አለበት ተባልሁ። አባቴን ለመንኋቸው። አሻፈረኝ አሉ። "ዋሽቼ ነበር ብዬ በስተርጅና ልቁም? ደግሞስ መኮነን እየቆፈረ እኔ ጥላ ሥር ልቀመጥ?" ጧሪ ቀባሪ ይሁኑኝ ብለው ሁለት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። አንዳችን መሪ ጨብጠናል፣ አንዳችን የሰው እናት እናጥባለን፤ በበዓል በበዓሉ ደግሞ "እንኳን አደረሰዎ" እንላለን። ያናድዳል!

ባለፈው እሑድ ደወልሁ። ድምፃቸው ደክሟል።

"ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" አልኋቸው።

"ማንም አልሞተ። የራሴን ስቆፍር ውዬ ነው።"

"ምን?"

"ምነው ትጮኺያለሽ? ተናትሽ መቃብር ጎን ሸጋ ቦታ አለ። ክረምት ሳይገባ፣ ጉልበትም ሳለኝ ልጨርሰው ብዬ ነው። ለነመኮነን ልተወው እንዳልል ወገባቸው አልቋል።"

ጮህሁ፣ አለቀስሁ፣ ወንድሜን ረገምሁ፣ ራሴንም ረገምሁ።

"ልኬን ለማየት ገብቼ ተጋድሜበት ነበር" አሉ። "መተኛቱስ ምንም አይል። መነሣቱ ነው ያስቸገረኝ።"

"ማን አነሣዎ ታዲያ?"

"ማን አለና ልጄ? ሁለት ጊዜ ተጣራሁ። ኋላ በእንብርክኬ ወጣሁ።"