ፀዳለ ብቻዋን ዱቡሻ ላይ

ፀዳለ ሰው አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም። ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ አንዱ አለፍ ሲል አካሄዱንና ድምፁን ቀድታ፣ ገና ጥጉን ሳይዞር ታስቅበታለች። የቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ያስገባትም ይኸው አመሏ ነው። ከተማ ውስጥ የማን ልጅ ነሽ ያላት የለም። ደጋ፣ መንደሯ ላይ ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። የሸክላ ሠሪ ማሰሮው ይወደዳል፣ እጁ ይሸሻል፤ እርሻ ከረገጠ አፈሩ ይቆጣል ይባላል። ሲያቦኩት ያልተቆጣ አፈር ሲረግጡት ምን እንደሚያስቆጣው እንጃ።

መሬት ላራሹ ከታወጀ ዓመታት አልፈዋል። የገበሬ ማኅበሩም ለእናቷ ለማሚቱ ቁራሽ መሬት ለክቶ ሰጥቷል። ሰጠ ይባል እንጂ፣ ጎረቤቷና የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ዳልጮ የአባቶች ክልከላ አለ እያሉ በሬ የሚያውሳት ሰው አሳጧት። መሬቱ ጦሙን ያድራል።

ለአብዮት በዓል ቡድኑ ደጋ ወጥቶ ቲያትር እንዲያሳይ ታዘዘ፤ መንደሩም የሷው ሆነ። ባላባቱን የሚሠራውን ሀይሌን ወባ ጣለው፤ ሌሎቹም የደጋውን ብርድ ሰምተው ነው መሰለኝ አንድ ባንድ ታመሙ። ካድሬው ጓድ አበጋዝ ሊሰርዘው ሲል ፀዳለ ሁሉንም ብቻዬን እሠራዋለሁ አለችው።

መድረኩ ዱቡሻ ነበር፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚቆርጡበት ሜዳ። ማሚቱ ከዳር ቆማለች። የሷ ወገን ወደ መሃል አይገባም፤ ፀዳለንም ያስገባት የካድሬው ትእዛዝ ነው።

ፀዳለ ጋቢ ስትደርብ ባላባት፣ ስታወልቅ ጭሰኛ እየሆነች ሕዝቡን አንከተከተችው። ቀጥላ ጽሑፉንም አማርኛውንም ትታ፣ በጋሞኛ ቅድመ አያቷን ሆነች፤ ዕድሜ ልካቸውን አፈር ቆፍረው አንድ ስንዝር ሳያርሱ የሞቱትን። ከዚያ ዘንግ አነሳችና አንድ እግሯን ጎተት እያደረገች፣ ጆሮዋን እያከከች፣ የአባቶች ክልከላ አለ እያለች አቶ ዳልጮን ሆነች። ሚስታቸው ሳይቀሩ ሳቁ።

አቶ ዳልጮ ብድግ አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ። ፀዳለ ለእናቷ ሌላ መዘዝ ያመጣችባት መሰላት። ጓድ አበጋዝ ቲያትር እኮ ነው ብሎ ጣልቃ ቢገባ፣ ሽማግሌው ዱቡሻ ላይ የተነገረ ሁሉ የሚዳኝ ነገር ነው፣ መቆረጥ አለበት አሉት። ወደ ፀዳለ ዞረውም፣ እኔን አሳምረሽ ሠርተሽኛል፣ እናትሽን ለምን ዘለልሻት ብለው ጠየቋት።

«እናቴ እዚህ ተናግራ አታውቅም» አለች ፀዳለ። «ከየት ቀድቼ ልሥራት?»

አቶ ዳልጮ ወደ ዳር ዞሩ። ማሚቱ ትግባ አሉ።

ማሚቱ እየፈራች ገባች። ሰው ገለል አለላት፤ ተጠይፏት ይሁን አክብሯት ፀዳለ አልለየችም። ሽማግሌው መሬቱን እንድትረግጪ ቢፈቀድልሽ ምን ታደርጊበታለሽ አሏት። ሁሉም ገብስ እዘራለሁ ትላለች ብሎ ጠበቀ።

«እንሰት ነው የምተክለው» አለች ማሚቱ።

ሜዳው አጉረመረመ። ገብስ የዘራ አጭዶ ይሄዳል፤ እንሰት የተከለ ግን ዓመታት ይጠብቃል። እኖራለሁ፣ ልጆቼም ይኖራሉ ማለቷ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው ችግኙን ከኔ ጓሮ ትወስጃለሽ» አሉ አቶ ዳልጮ። «ራስሽ ገብተሽ፣ አፈሬን ረግጠሽ፣ በእጅሽ ነቅለሽ።»

ፀዳለ ቀጥላ ማንን እንደምትሆን ጠፋባት። መሃል ሜዳ ላይ ቆማ፣ ማንንም ሳትቀዳ አለቀሰች።